የጣት ልኬት

«ጣት መሣሪያ አይደለም፣ ሲስተር። ስንቴ ልንገርዎት?»

«መሣሪያ ነው መች አልኩ? መሣሪያ በሌለበት ያለው እሱ ብቻ ነው ነው ያልኩት። አንቺ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሻል።»

ረጅሙን ጠረጴዛ የከበቡት ሰዎች ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። ሰብሳቢዋና ነርሷ እህትማማቾች መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ታናሿ፣ ሰብሳቢዋ፣ ታላቅ እህቷን «ሲስተር» እና «እርስዎ» የምትለው ለስብሰባው ስትል ነው፤ ታላቋ እሷ ዘንድ ስላረፈች፣ ጠዋት ከአንድ ቤት ወጥተው፣ አንድ ታክሲ ውስጥ ተጣበው ነበር የመጡት።

ኮሚቴው የተቀመጠው ለአገሪቱ የዓይን ነርሶች በሙሉ የሙያ ብቃት መስፈርት ሊያዘጋጅ ነው። መስፈርቱ ሲጸድቅ ነርስ ሁሉ በእሱ ይመዘናል፤ እዚያ ያልተጻፈውን መሥራት አይፈቀድለትም። እህትማማቾቹን ያጣላቸው የዓይን ግፊት ነው። ይህ ግፊት ሳያምም ሳያስታውቅ ይጨምርና ሰውን ቀስ በቀስ ያሳውረዋል። የመስፈርቱ ረቂቅ፣ ነርስ ግፊቱን በመሣሪያ መለካት አለባት ይላል፤ ሌላ መንገድ አልጠቀሰም።

ነርሷ ከሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው። የክሊኒኩ መለኪያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ምትክ ስትጠይቅም ደጅ መጥናት ሰልችቷታል። እስከዚያው ታካሚውን ወደ ታች አስመልክታ በዓይኑ ቆብ ላይ ሁለት ጣቶቿን በየተራ ጫን፣ ለቀቅ እያደረገች ትለካለች። ዓይኑ እንደ አፍንጫ ጫፍ ከለዘበ ደህና ነው፤ እንደ ግንባር ከጠጠረ ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች። አብረዋት ለሚሠሩት ነርሶችም ያስተማረችው ይህንኑ ነው።

«እንግዲህ አፍንጫና ግንባር አገር አቀፍ መስፈርት ውስጥ ይግቡ ነው የሚሉት፣» አለ የዓይን ሐኪሙ ከጠረጴዛው ጫፍ። «ለመሆኑ በማን አፍንጫ ነው? በእኔ ከሆነ ጤነኛ ሰው አይገኝም።»

ሁሉም ሳቁ። ነርሷም ሳቀች፤ የሐኪሙ አፍንጫ እውነትም ሰፊና ለስላሳ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተነሳች።

«ሰው አምጡልኝ። እዚሁ እለካለሁ፤ ከዚያ እናንተ በመሣሪያችሁ ለኩ።»

«ይቅርብዎት፣» አለች ሰብሳቢዋ ቶሎ ብላ።

«ምነው ፈራሽ?»

«አልፈራሁም። ይቅርብዎት ነው ያልኩት።»

የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ተጠራ። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። «የምትፈትኑት እኔን ነው እሳቸውን?» እያለ ገብቶ መሀል ላይ ተቀመጠ።

ነርሷ እጇን ታጥባ መጣች። «ወደ ታች እይ። እንዳትጨፍን።» ቀኙን ጫን፣ ለቀቅ። ግራውን ጫን፣ ለቀቅ። አትቸኩልም፤ ስትለካ ትንፋሿን የመያዝ ልማድ አላት።

«ደህና ነህ። እንደ ግንባር አልጠጠሩም፤ ሁለቱም አፍንጫ ናቸው።»

«ባለ ሦስት አፍንጫ ሆንኩ በሉኛ!» አለ ሹፌሩ።

ሐኪሙ እየሳቀ ማደንዘዣ ጠብታ አደረገለትና በእጅ የሚያዘውን መለኪያ ከቦርሳው አውጥቶ ቀኝ ዓይኑ ላይ አሳረፈ። አሥራ ስምንት። ግራውን ለካ። ሳቁን አቆመ። እንደገና ለካው።

«ሠላሳ ስምንት።»

ሹፌሩ የሁሉንም ፊት በየተራ ተመለከተ። «ብዙ ነው?»

«ከሃያ አንድ ማለፍ አልነበረበትም። ነገ ጠዋት እኔ ዘንድ ና። መድኃኒት አለው፣ አትደንግጥ።»

«መኪናውስ?»

«እሱንም ነገ እናያለን።»

«አንድ ጊዜ ልድገመው፣» አለች ነርሷ። ማንም አልከለከላትም። ግራውን ተጫነች፤ ቀኙን ተጫነች፤ ወደ ግራው ተመለሰች። አሁን ራሷ ታውቃለች፤ ጣቷ ግን አላወቀም። ያን ጥጥረት እዚያው እንዳለ እየተነገራት ፈለገችው፤ ሁለቱ ዓይኖች ያው ነበሩ። «ደህና ነዎት» ብላ የሸኘቻቸውን ሰዎች ልታስታውስ ሞከረች፤ ፊታቸው ተደባለቀባት።

ለእረፍት ሲወጡ ታናሿ የእህቷን ክንድ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«እትዬ፣ ይቅርብሽ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለሻል።»

«ከጻፍነው፣ የበላዮቻችን ጣት አላቸው አይደል ይሉና መሣሪያውን ጭራሽ ይረሱታል። ደግሞ ጣቱም ይኸው፣ ግፊቱን ሲስተው አየሽ።»

«ካልጻፋችሁትስ? ክሊኒክ ስመለስ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚጠብቁኝን ሰዎች ምን ልበላቸው?»

«ሪፈር በያቸው፤ ወደ ሆስፒታል ላኪያቸው።»

«ምንም ያላመመው ሰው፣ ዓይኑ እያየለት፣ የአንድ ቀን መንገድ ይሄድልኛል? ፊቴ ላይ ይስቅብኛል እንጂ።»

ከልጅነታቸው ጀምሮ በክርክር የምትረታው ታላቋ ነበረች። ዛሬ ግን ታናሿ ራሷ መረታት ፈልጋ ነበር። የሚረታት አንድ ቃል፣ የረሳችው አንድ መፍትሔ፣ የሆነ ነገር ጠበቀች።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«አይዞሽ። እኔም አላውቅም።»

ከእረፍት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። የጣት ልኬት አይግባ የሚሉት እጅ ሲያወጡ ነርሷ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳችም። ይግባ የሚሉ ሲባልም አላነሳችም። የጣት ልኬት ሳይገባ ቀረ፤ መሣሪያ በሌለበት ታካሚው ሪፈር ይደረግ የሚል ዓረፍተ ነገር ተጨመረ። አንዱ አባል፣ ለየክሊኒኩ መሣሪያ ይላክ ብለን እንጻፍ እንዴ ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢዋ ወደ እህቷ ሳታይ፣ ያ የኮሚቴው ሥልጣን አይደለም አለች። እውነትም አልነበረም።

ቀጥሎ ዓይን ስለማጠብ የሚለው አንቀጽ ተነበበ። ሐኪሙ ኬሚካል የገባበት ዓይን በተገኘው ንጹህ ውሃ ወዲያው ይታጠብ አለ፤ አንዷ መምህርት ደግሞ፣ የለም፣ በጨው ውሃ ነው አለች፤ ጨዋታው እንደገና ደራ። ሰብሳቢዋ ፈጥና ትጽፋለች። ነርሷ መነጽሯን ወደ ማኅደሩ መለሰች፤ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች፤ ወንበሯን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ወጣች።

ሹፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ የመኪናው ቁልፍ ጭኑ ላይ ነው። ዓይኖቹን ጨፍኖ አንድ ጣቱን በግራ ዓይኑ ቆብ ላይ ጫን አደረገ። ከዚያ በአፍንጫው ጫፍ ላይ። ከዚያ በግንባሩ ላይ። ደግሞ ወደ ዓይኑ መለሰው። ነርሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በጎኑ አልፋ ወረደች። እሱ ዓይኑን አልገለጠም።