የቀዩ ክር ስፌት

ሰውየውን «ቆብ ለቃሚ» ያለው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። አዲሱን ቤቱን ባስመረቀበት እሁድ፣ ምሳ ተበልቶ ሰው ሁሉ እጁን ሊታጠብ በተሰለፈበት ሰዓት። «እኛ ንብረት እንሰበስባለን፤ የእህቴ ባል ደግሞ የሞተ ሰው ቆብ ይለቅማል!» አለ፣ ያውም በሳቅ እያዋዛ። የሳቁትን አንድ በአንድ ያስታውሳቸዋል። ሚስቱም ፈገግ ብላ ነበር፤ እሷ ረስታዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰውየው የአውቶቡስ ጋራዥ መጋዘን ጠባቂ ነው። የሚሰበስበው በድሮው ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የተሳፈሩ ወታደሮች ያጠለቁትን የራስ ቁር ነው። ብረቱም አለ፣ ቆዳውም አለ፤ መኝታ ቤቱ ቁምሳጥን ላይ ደርድሯቸዋል። ከሁሉ የሚሳሳው ግን ለአንዱ ቡናማ የቆዳ ቁር ነው። የሸጡለት ሽማግሌ እንደነገሩት፣ የለበሰው ከአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ተቀምጦ መትረየስ ይተኩስ የነበረ ልጅ ነው። አንዱ የጆሮ ማድመጫ ወልቋል። የውስጥ ገበሩ ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጠማማ፣ የልብስ ሰፊ እጅ ያልነካው። እናቱ ትሁን እጮኛው፣ ወይስ ራሱ ልጁ በብርድ በደነዘዘ ጣቱ፣ ማን ያውቃል? ያን ክር በዳበሰ ቁጥር ግን የቁሩ ባለቤት አሁን አውልቆት የወጣ ይመስለዋል።

የሰብሳቢ ሕግ አጭር ነው፦ አታጥብ፣ አትቀባ፣ አትስፋ።

አማቹ ሆቴል ሊከፍት ሲል፣ ረግጦት የማያውቀውን የእህቱን ቤት ረገጠ።

«ስማኝማ ወንድሜ፣ የሆቴሌን ሳሎን በድሮ ዕቃ ላሳምረው ነው። ያንን የቆዳ ቆብህን አውሰኝ። ስምህ ከሥሩ ይጻፍበታል።»

ስሜ! አለ በሆዱ። ያቺ አንዲት ቃል አሞኘችው።

«ብቻ ጋሼ፣ እንዳይነካ። አቧራውም ቢሆን እንዳይጠረግ።»

«ምን ነካህ! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የሆቴሉ ምረቃ ቀን ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ ሄደ። ቁሩ ግድግዳው ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የጫማ ቀለም ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል፤ ያብረቀርቃል። ከሥሩ «የሆቴሉ ባለቤት ስብስብ» ይላል። ሣጥኑን ከፍቶ ቁሩን ገለበጠው። ውስጡ አዲስ ሰማያዊ ሐር ነው።

«ገበሩስ?» አለ።

«የቱ ገበር?» አለ አማቹ፣ ከእንግዶቹ መሐል ብርጭቆውን እንደያዘ።

«ውስጡ የነበረው።»

«ያ የገማው? ልብስ ሰፊዋ ቦጭቃ ጣለችው። ሐር አስገባሁልህ እኮ! ቀለም ቀብቼ ሰው አስመሰልኩልህ። አመሰግናለሁ አይባልም እንዴ?»

እንግዶቹ ሳቁ።

«የት ነው የጣለችው?»

«ኧረ በፈጠረህ፣ ለእራፊ ጨርቅ! ጓሮ፣ በርሜሉ ውስጥ ነዋ።»

ቁሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ጓሮ ወጣ። የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ በርሜሉ ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። የድንች ልጣጭ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የመጋረጃ ቁርጥራጭ፣ የረጠበ ጋዜጣ። ሰዉ ተከትሎ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ተው እባክህ፣ ሰው እያየህ ነው» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

እሱ ግን መበርበሩን ቀጠለ። ከጋዜጣው ሥር አገኘው፤ ርሷል፣ ተጨማዷል። ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ቀዩ ክር አልተበጠሰም።

«አላልኳችሁም?» አለ አማቹ ከበሩ ላይ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ለቃሚ ነው ብዬአችሁ አልነበር?»

መልስ ነበረው። ከዚያ እሁድ ጀምሮ በሆዱ ሲስለው የኖረ፣ አጥንት የሚቆርጥ መልስ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ገበሩን አራገፈና ቁሩ ውስጥ፣ ከሐሩ በላይ አስተኛው። የበርሜሉን ክዳን መለሰ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው በጓሮው በር ወጥቶ ሄደ።