የካፒቴኗ «አይደል?»

የመረብ ኳስ ቡድኑ ልጆች ካፒቴናቸውን «አይደል» ነው የሚሏት። ወሬዋን ሁሉ በ«አይደል?» ስለምትጨርስ። «ይሞቃል፣ አይደል?» «ኳሱ ወጥቷል፣ አይደል?» ሁለት ሰው ቢጣላ እንኳ ለአንዷም ለሌላዋም አንዳንድ «አይደል?» አድላ ትገላገላለች። ታዲያ ማን ይጠላታል? ካፒቴንነቱንም ያገኘችው በዚሁ ነው። ማንንም ላለማስቀየም ስንት ነገር እንደዋጠች ግን ሆዷ ያውቀዋል።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ «ረጅሟ» የሚሏት ልጅ ካልሲዋን ስታጠልቅ አየቻት። ረጅሟ የቡድኑ ዋና መቺ፣ የካፒቴኗም የልብ ጓደኛ ናት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ብርቱካን አክሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት ደረጃ ላይ ወለም ብሎኝ ነው። ትንፍሽ ብትዪ አንቺና እኔ አበቃን!»

ካፒቴኗ ፈራች። ዝም ብትል የልጅቷ እግር ሊሰበር ነው፤ ብትናገር ጓደኛዋን ልታጣ ነው።

አሰልጣኟ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። «እህሳ ካፒቴን፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ አይደል?»

አመለጣት። አንዷ የጫማዋን ክር ፈትታ መልሳ ታስራለች፤ ረጅሟ ግድግዳውን ታያለች። ካፒቴኗ የራሷን ጥያቄ ራሷ መለሰችው።

«አይደለንም» አለች። «የረጅሟ እግር አብጧል፤ መጫወት የለባትም። በእሷ ቦታ ተቀያሪዋ ግራኟ ትግባ።»

«አቃጣሪ!» አለች አንዷ ከጥግ። አሰልጣኟ ግን በርከክ ብላ ካልሲውን ዝቅ አደረገችና እግሩን አየች። «ዛሬ አትሰለፊም፤ ግራኟ ትገባለች» ብላ በረዶ ልታመጣ ወጣች።

ረጅሟ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። ካፒቴኗ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጥይኝ ከፈለግሽ» አለቻት። «ያልኩትን ግን አልመልሰውም።»

ረጅሟ ፎጣውን አወረደች። «ምን እጠላሻለሁ? እፎይ! ከትናንት ጀምሮ በፍርሃት ልሞት ነበር እኮ። ልጆቹ ይቀየሙኛል ብዬ መናገር አቃተኝ እንጂ፣ አንድ ሰው አትጫወቺም እንዲለኝ ስጸልይ ነው የዋልኩት።»