ጎሚስታ ቤት የተነፋው ኮምፒውተር

«ያ ቦታ ባለቤት አለው» አሉኝ እትዬ ብዙነሽ፣ ማስረጃዬን ኮፒ እያደረጉ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ለሥራ የሚያመለክት ሁሉ በእሳቸው ኮፒ ቤት ያልፋል፤ እሳቸውም ወረቀቱን ሲመልሱ ይህችን ወሬ ምራቂ አድርገው ይሰጡታል። «የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ፣ ሶስና ናት የምትገባው። ለምን ትደክሚያለሽ?»

ቦታው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ቴክኒሻንነት ነው።

«ለስንት ሰው ነገሩት እትዬ?»

«ለመጣ ሁሉ። ሰው በከንቱ ሲለፋ አልወድም።»

«ይቀጥሉበት፣ ተወዳዳሪ እየቀነሱልኝ ነው።»

«አፍሽ! በዚህ አፍሽ ጅዳ ሄደሽ የሰው ቤት ልትኖሪ!»

እሱን ማንሳታቸው አሳረረኝ። ፓስፖርቴ ወጥቷል፣ አባቴም ከኤጀንሲው ጋር ጨርሷል። ከአባቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሥራውን ካገኘሁ ጅዳ ቀረ፤ ካጣሁ ሳላጉረመርም ሻንጣዬን አነሳለሁ።

ኮሌጅ አልገባሁም። አራት ዓመት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሞባይል ስጠግን፣ አስተማሪዎቼ የሞቱ ስልኮችና የኢንተርኔት ቪዲዮ ነበሩ። የብቃት ምዘናውን ግን ከኮሌጅ ምሩቃን ጋር ተቀምጬ በአንዴ አለፍኩ፤ ከእነሱ ስንቱ ወድቆ እንደገና ተፈትኗል። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው።

የፈተናው ቀን ማክሰኞ፣ ከተመዘገብነው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የመጣነው ሦስት ብቻ። እትዬ ብዙነሽ ሥራቸውን ሠርተዋል። እኔ ናጅዋ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰረ ኤፍሬም የሚባል ምሩቅ፣ እና ሶስና። ሶስና በዚያ አቧራ ነጭ ጫማ አድርጋለች።

ከወረዳው የተላኩት ፈታኝ፣ እትዬ እመቤት፣ የተዘጋጀውን የጽሑፍ ፈተና ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አስቀመጡት። «መጋዘን ውስጥ የሞቱ ኮምፒውተሮች አሉ አይደል? አንድ አንድ ይምረጡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ማን እንደሚያስነሳ እናያለን።»

«እንዴ፣ ፈተናው እኮ ተዘጋጅቷል» አሉ ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ሀይሉ።

«አየሁት። መጋዘኑን ያስከፍቱልን።»

ሁለቱ አዲስ የሚመስሉትን አነሱ። እኔ የአየር መውጫው በአቧራ የተደፈነውን መረጥኩ፤ በሽታውን አውቀዋለሁ።

«እሱን ተይው፣ የኔ ነው» አሉ ጋሼ ሀይሉ። «ሐሙስ ዕለት ነው የሞተው። አይነሳም።»

ተይው ስባል የምተው ሰው ብሆን ኖሮ ይሄኔ ጅዳ ነበርኩ። ተሸከምኩት።

ሶስናና ኤፍሬም ዊንዶውስ ሊጭኑ ፍላሽ ሰኩ። ኮሌጅ ያስተማራቸው እሱን ነው። እኔ የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈታሁ። ማራገቢያው ላይ አቧራና የማሽላ ገለባ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። በሮቢት ሙቀት ኮምፒውተር የሚሞተው ታፍኖ ነው። በአፍ እፍ ብትለው አይወጣም፣ በብሩሽ ብትጠርገው ወደ ውስጥ ይገባል።

«እትዬ እመቤት፣ ማዶ ያለው ጎሚስታ ቤት ልወስደው?»

ጋሼ ሀይሉ ሳቁ። «ጎማ ልታስነፊ ነው?»

«ሳንባ ነው ጋሼ።»

እትዬ እመቤት ተነስተው አብረውኝ አስፋልቱን ተሻገሩ። ጎሚስታው ሰዲቅ የባጃጅ ጎማ ታቅፎ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩን ሲያይ ጎማውን ጣለው። «ናጅዋ! ስንት ልሙላልሽ? የፊት ነው የኋላ?»

«ወሬህን ተውና መጀመሪያ የአየር ታንከሩን ውሃ አስወጣ፣ እንዳያርሰው። ከሩቅ ንፋ።»

ማራገቢያውን በጣቴ ያዝኩት፤ በዚያ ንፋስ ከዞረ ይሰበራል። ሰዲቅ ሲለቀው ብናኙ እንደ አውድማ ተነሳ። እትዬ እመቤት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው፣ ጣቴን እያዩ፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ተመልሰን ሚሞሪውን አወጣሁና እግሮቹን በላጲስ ፈተግኩ። የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት ጠርጌ ከቤት ያመጣሁትን ቀባሁ። ቢስሚላህ ብዬ ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑም በራ።

ጋሼ ሀይሉ ከወንበራቸው ዘለው መጡ። «በቃ፣ በቃ! አጥፊው፣ እንደገና እንዳይቃጠል!»

«አሁንማ አይቃጠልም ጋሼ።»

«አጥፊው አልኩ!»

አጠፋሁት። እትዬ እመቤት ውጤቱን እዚያው በሁላችን ፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት። የኔ ዘጠና አንድ፤ የሁለቱ ኮምፒውተር አልተነሳም።

ሶስና ስትወጣ «እጅሽ ጥቁር ሆኗል» አለችኝ።

«ይታጠባል» አልኳት።

የቅጥር ደብዳቤዬን ኮፒ ላስደርግ እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ገባሁ። «ባለቤት አለው ብለው የለ? ይኸው ባለቤቱ!»

«እኔ እኮ የሰማሁትን ነው...»

«ውሸት ነው የሰሙት። አሥራ ስድስት ሰው አስቀሩ።»

አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን አልለቀቅኳቸውም፤ ሁለት ወር ሙሉ ባለፍኩ ቁጥር «ዛሬስ የማን ቦታ ባለቤት አገኘ?» እያልኩ አሳቀቅኳቸው። አባቴም ፓስፖርቴን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

በሦስተኛው ወር ጋሼ ሀይሉ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ሄዱ። እኔ የተማሪዎችን ውጤት ከየቢሮው ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነበር፣ ያ ያስነሳሁት የሳቸውም ላይ ደረስኩ። ከውጤቶቹ መሀል «ቅጥርን ስለማሳወቅ» የሚል ፋይል አለ። የኔ ደብዳቤ መስሎኝ ከፈትኩት።

ለወይዘሪት ሶስና የተጻፈ ነው። «ማክሰኞ በተካሄደው ውድድር 94 ከመቶ በማምጣት አንደኛ ስለወጡ» ይላል። ፋይሉ የተጻፈው ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ ነው፣ ኮምፒውተሩ በሞተበት ቀን።