ሰባት ጨረር ያላት ኮከብ

ናሄሌ የእናቱን ጊታር ከሣጥኑ ሲያወጣው ክሮቹ ዝገው፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ፣ መቃኛዎቹ ግማሾቹ ተሰብረው አገኘው። ጭን ላይ አጋድመው፣ በጣት ሳይሆን በብረት ዘንግ ክሩን እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ስቲል ጊታር ነው። ሂሎ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለዚህ ጊታር ሠርግ ተደግሷል ቢባል የሚያምን አልነበረም። እናቱ ኢዋላኒ ክሩን ስታስለቅሰው፣ ሙሽሮቹ ራሳቸው ምግባቸውን ትተው ያዩዋት ነበር።

ናሄሌ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነውና እጁ ከብረትም ከእንጨትም ጋር አይጣላም። እናቱ በሞተች በዓመቷ ሥራውን ጀመረ። በአራት ወር ስንጥቁን ሞላ፣ መቃኛዎቹን ቀየረ፣ ድምፅ የሚቀበለውን ጥቅል ሽቦ እንደ አዲስ ጠመጠመ። የቀረው የጊታሩ ራስ ላይ የነበረችው ተለጣፊ የሠሪው ማርካ ብቻ ነበረች። ተልጣ ወድቃ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልተረፈችም።

ጊታሩን የሠራው ሆኩአኦ የሚባል የዚያው የሂሎ ወርክሾፕ ነው፤ የንጋት ኮከብ ማለት ነው። ከተዘጋ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ናሄሌ ከባሕር ማዶ፣ የድሮ ጊታሮችን ማርካ እያስመሰለ የሚያሳትም አንድ ሰብሳቢ በኢንተርኔት አገኘና አዘዘ። ፖስታው መጣ። ውስጡ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፍ ስስ ወረቀት አለ፤ ላዩ ላይ ወርቃማ ኮከብ፤ ጨረሩ አምስት።

ናሄሌ ወረቀቱን ጊታሩ ራስ ላይ አስጠግቶ አየና ቆም አለ። እንጨቱ በፀሐይ ብዛት ጠቁሯል፤ ማርካዋ የነበረችበት ቦታ ግን እንደነጣ ቀርቶ የኮከቧን ቅርጽ ይዟል። አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረ። ሰባት ጨረር ነው።

ፎቶ አንስቶ፣ ጊታሩ የእናቱ እንደነበረ ጽፎ ለሰብሳቢው ላከለት። መልሱ በማግሥቱ ደረሰ። «ሆኩአኦ ሰባት ጨረር ኖሮት አያውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኩት ይህንኑ ነው። ጊታሩ አስመስለው የሠሩት ነው። ወይ እናትህን ያታለላቸው ሰው አለ፣ ወይ እናትህ እናንተን አታለዋል።»

ናሄሌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ ሉአና።

«እናቴን ውሸታም አላት።»

«በል ተወው። አምስቱን ለጥፈህ ተገላገል፤ ማን ጨረር ይቆጥርብሃል?»

«እኔ እቆጥራለኋ!»

በማግሥቱ ጠዋት ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ዓሣ ገበያ ወረደ። የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚያውቀው፣ እንደ አገሩ አክብሮት አጎት የሚባለው ዓሣ ሻጩ ሞኬ፣ ቢላውን ሳያስቀምጥ አዳመጠውና ሳቀበት።

«አንተ ደግሞ! ባሕር ተሻግረህ የምትፈልገው እዚሁ ጎረቤትህ ያለውን ነው። ያንን ማርካ የሣለችው፣ ያተመው ማተሚያ ቤት ትሠራ የነበረችው ፉሚዬ ናት እኮ።»

«በሕይወት አሉ?»

«ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ትናንት ዓሣዬን አሽትታ የሰነበተ ነው ብላ ሰደበችኝ።»

አክስት ፉሚዬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ናሄሌ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና የእናቱን ስም ተናገረ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠ። አሮጊቷ መነጽራቸውን አጠለቁ። የነጣውን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አሉ ኮከቧን።

«አክስቴ፣ ያውቋታል?»

«የእጄን ሥራ ላላውቀው? የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የሣልኳት ናት። መጀመሪያ ሰባት ጨረር አድርጌ ዐሥራ አንድ አተምን። የጊታር ወርክሾፑ ጌታ መጣና ‹ይቺ ኮከብ ናት አበባ?› ብሎ ሳቀብኝ። አምስት አድርጊው አለኝ፤ አደረግሁት። ዐሥራ አንዱ ግን ተለጥፈው ወጥተው ነበር።»

«እንግዲያው የእናቴ...»

«ከመጀመሪያዎቹ ናታ! ምን ያስደነግጥሃል?»

ናሄሌ ጭኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ሳቀ። ከዚያ የሰብሳቢውን መልእክት አነበበላቸው። አክስት ፉሚዬ ባቄላውን ገፋ አደረጉት።

«ዕድሜውን ሙሉ ሰበሰበ? እኔ ሠርቻለሁ። ማክሰኞ ና።»

ማክሰኞ ሲመለስ የወለሉ ዳር በተጨማደደ ወረቀት ተሞልቷል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ክርናቸውን በመጽሐፍ አስደግፈው፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ ነበር የሣሉት። ዘጠኙን ጥለው ዐሥረኛውን ወደዱት።

«ይስጡኝ ልለጥፈው እንዳትል፤ እኔው ነኝ የምለጥፋት» አሉት።

ወረቀቱን ሳህን ውኃ ውስጥ ነከሩት። ኮከቧ ከወረቀቱ ለቀቅ ስትል ጊታሩ ራስ ላይ አስቀመጧትና በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጓት። ኮከቧ ተንሸራታ የነጣው ቦታ ላይ ልክ ገባች፤ ሰባቱም ጨረር በየቦታው። ናሄሌ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከታችኛው ጨረር ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ጽሑፍ አየ። ፉሚዬ ይላል።

«አክስቴ፣ ይሄ ድሮም ነበረ?»

«ድሮማ ስም መጻፍ ክልክል ነበር። አሁን ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው፤ ማን ያባርረኛል?»

እሑድ ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር ባለው መናፈሻ የከተማው ተጫዋቾች ሲሰበሰቡ ናሄሌ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። እንደ እናቱ አይጫወትም፤ ያውቀዋል። ሆኖም ብረቱን ክሩ ላይ ሲያስኬደው ያ የሠርግ ድምፅ ወጣ፤ ዕድሜ የጠገቡት ቀና ቀና አሉ። አጎት ሞኬ ኮፍያውን አወለቀ። ከፊት የተቀመጡት አክስት ፉሚዬ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጎሸም አደረጓትና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ያቺን ኮከብ አየሻት? የእኔ ናት» አሉ።

ናሄሌ አዲሱን ፎቶ ከነታሪኩ ለሰብሳቢው ላከ። የዚህኛው መልስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ እናቱንም አመሰገነ፣ ሰባት ጨረር ያላትን ኮከብ ሃምሳ ቅጂ አሳትሞ ለመሸጥም ፈቃድ ለመነ። ናሄሌ ይህንኑ ሄዶ ለአክስት ፉሚዬ ነገራቸው።

አሮጊቷ አሰብ አደረጉ።

«ሃምሳ አልሠራሁም በለው። ዐሥራ አንድ ነው የሠራሁት። የቀሩት ዐሥሩ ጊታሮች የት እንዳሉ ፈልጎ ያግኝ፤ ማርካዋ የወደቀችበት ካለ ጊታሩን ይዞ እዚህ ድረስ ይምጣ፤ እኔ እለጥፍለታለሁ። ግን ቶሎ በል በለው፤ ጊዜ የለኝም።»