የጀግናው እህት

እጅጋየሁ ለፊልም የታጨችው ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነው። ካይሮ ውስጥ፣ ሞሃንዲሲን በሚባለው ሰፈር የምትሠራበት ቤት አባወራ ስመ ጥር ሙኽሪግ፣ ማለትም የፊልም አዘጋጅ ነበር። በጉብዝናው ወራት የሠራቸው የጦርነት ፊልሞች እስከ ዛሬ በየበዓሉ በቴሌቪዥን ይታያሉ። በዚያ ዘመን መንግሥት ወታደሩን በሺህ እየቆጠረ ያውሰው ነበር፤ ፈረሱም መድፉም የእውነት ነው። አሁን ግን አብዮቱ ዓመት አልፎት፣ ገንዘቡም ወታደሩም የለም። ቢሆንም ሰውየው ሳልሞት አንድ የመጨረሻ ትልቅ የጦርነት ፊልም ካልሠራሁ ብሎ ተነሥቷል። ታሪኩ የዛሬ መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት የግብፅ ጦር ሐበሻ ላይ ስለዘመተበት ጊዜ ሲሆን፣ ለጦሩ የሚሆነውን ሐበሻ ከአይን ሻምስ ሰፈር እየለቀመ በኮምፒውተር ሊያባዛው አስቧል።

ያን ቀን ሚስቱን ፍለጋ ወጥ ቤት ብቅ ቢል እጅጋየሁ በዕንባ ታጥባለች።

«ማን ሞተብሽ?» አላት ደንግጦ።

«ሽንኩርት ነው ጌታዬ።»

ሳቀ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለለትና በአገሯ ሰው ሲሞት ሴቶች እንዴት እንደሚያለቅሱ ጠየቃት። እጅጋየሁ ዓይን አፋር አይደለችም። የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ደረቷን እየመታች፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች አሳየችው። ሰውየው በሩን ተደግፎ ቀረ። ፍለጋ የመጣላትን ሚስቱንም ረሳት። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሐበሻ ጀግና አንድ የግብፅ መኮንን አድኖ ይሞታል፤ እናቱ ሬሳው ላይ ታለቅስለታለች። የእናትየዋን ቦታ ለእጅጋየሁ ሰጣት። እሷ ግን ወልጄ አላውቅም፣ እህቱ ልሁን ብላ ለመነችው። ለእሱ ልዩነት አልነበረውም፤ እናትየዋ እህት ሆነች።

እጅጋየሁ ይህን ነገር ለምን እንደፈለገችው የሰማ ሊስቅባት ይችል ይሆናል፤ ባይስቅ ይሻለዋል። ታናሽ ወንድሟ ዋሲሁን ከአብዮቱ በፊት ሊቢያ ተሻግሮ ቤት ለቤት ሴራሚክ ያነጥፍ ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሑድ እሑድ በስልክ ይገናኙ ነበር። ካይሮ በተቃውሞ በታመሰችበት ሰሞን አንድ ጎረምሳ ቦርሳዋን ከነስልኳ መንትፏት ሮጠ። የእሱ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ቀረ፤ የእሷም ቁጥር ተዘጋ። አዲስ ስልክ ገዝታ ሰው እስክታፈላልግ ሊቢያም ተቀጣጠለች። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ጋሽ ዘገየ ግን፣ «እስር ቤት ነው የሚሆነው፤ እዚያ ጥቁር ያዩትን ሁሉ ቅጥረኛ ወታደር ነህ እያሉ አጉረውታል፤ አንድ ቀን ይፈቱታል» ብለዋታል። እሳቸው ካሉ ደግሞ እውነት ነው።

እንግዲህ እጅጋየሁ እንዲህ ብላ አሰበች፦ የግብፅን ፊልም የማያይ የዐረብ አገር የለም። እስር ቤትም ቢሆን ዘበኞቹ ቴሌቪዥን አያጡም። አንድ ቀን ዋሲሁን ቀና ሲል እህቱን ያያታል። «ወንድሜ» እያለች ስትጮህ፣ እኔን ነው የምትጠራው ብሎ ያውቃል። ያለችበትንም አውቆ ይፈልጋታል። እህት ልሁን ያለችው ለዚህ ነበር። የተማረ ሰው ይህን ሞኝነት ይለዋል፤ ዓመት ሙሉ ስልክ ሲጮኽ ልቡ ስንጥቅ እያለ የኖረ ሰው ግን ሞኝነት አይለውም።

የምሥራቹን በመጀመሪያ ይዛ የሄደችው ለጋሽ ዘገየ ነው። ጋሽ ዘገየ ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማሩ፣ በደርግ ጊዜ ተሰደው በካርቱም አድርገው ካይሮ የገቡ፣ አሁን የስደተኛ ልጆችን ሰብስበው ፊደል የሚያስቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። የጦርነት ፊልም አብሯቸው ያየ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም። «ይህ ጠመንጃ ገና አልተሠራም ነበር!» እያሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮሃሉ። እጅጋየሁ ደስ ይላቸዋል ብላ ስትጠብቅ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የማን እህት ነው ያልሽኝ?»

«የጀግናው።»

«ምን ሆኖ ነው የምታለቅሽው?»

«ሞቶ ነዋ ጋሼ!»

ሙኽሪጉን ማነጋገር አለብኝ አሉ። ብትል ብትሠራ እምቢ አሉ። በማግሥቱ ያቺኑ አሮጌ ኮታቸውን ደርበው ሞሃንዲሲን ድረስ ተከተሏት።

ሙኽሪጉ በአክብሮት ተቀብሎ ሻይ አስቀረበላቸው፤ የፊልሙን ጽሑፍና ሥዕሎቹንም አሳያቸው። ጋሽ ዘገየ ጀመሩ። ለሐበሻው ጦር የተሰጠው ጎራዴ የቱርክ ነው። የሐበሻ ልዕልትና የግብፅ መኮንን በጨረቃ ሲሳሳሙ የሚያሳየው የት ተጽፎ ነው? መኮንኑን አዳነ የተባለው ጀግናም አልተፈጠረም። ደግሞስ ማን እንዳሸነፈ በፊልሙ ውስጥ ለምን አይታወቅም? በጉራ ሜዳ የግብፅ ጦር ድል ተመትቷል፤ ይህ የታወቀ ነው።

«ልክ ነህ ያ ኡስታዝ» አለ ሙኽሪጉ። «በሁሉም ልክ ነህ። ግን ሕዝቡ ዘንድሮ ሽንፈት ጠግቧል። ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ሽንፈት አያይልኝም። ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊያለቅስ ነው፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ደስ የሚል ለቅሶ። በአንተ ፊልም ሰው ይማራል፤ ከዚያ ይተኛል።»

«ሙታኑ ግን የእውነት ናቸው» አሉ ጋሽ ዘገየ። «የእውነት ሰው ነው የሞተው። ያንተም የእኛም ገበሬ ቁስሉ እየገማ፣ በወባና በተቅማጥ ነው ያለቀው። በእነሱ ላይ መዋሸት ነውር አይደለም?»

«እኔ ባልዋሽ ማን ያስታውሳቸዋል?»

ጋሽ ዘገየ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሺ ሌላው ሁሉ ይቅር። የእህትየዋን ለቅሶ ብቻ አውጣው» አሉ። ሙኽሪጉ እጁን ዘረጋ፤ «ኸላስ፣ በቃ! የፊልሙን ልብ ላውጣው እንዴ?» አለና ሳቀ።

ሲመለሱ ማይክሮባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጅጋየሁ በንዴት ትንጨረጨር ነበር።

«ተዪው እጅጌ» አሉ ጋሽ ዘገየ። «ወንድም እየጠሩ ማልቀስ ጥሩ አይደለም። ሟርት ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ ሟርት ማመን የጀመሩት? ደግሞስ ዋሲሁን በሕይወት አለ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

ጋሽ ዘገየ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሷም፣ ሙኽሪጉ አማካሪ ሳያደርጋቸው ቢቀር ነው የተቀየሙት፣ ሽማግሌ ደግሞ ቅናት አያጣውም ብላ በሆዷ ታዘበቻቸው።

ዓርብ ዕረፍቷ ነው። ጾሙ ተጋምሶ፣ የካይሮ ብርድም ሰበር ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ይዛ ልብስ ወደሚሰጣበት ጣሪያ ወጣች። ሥራ ነውና ልምምድ ያስፈልገዋል። ሙኽሪጉ ነፃነት ስለሰጣት ግጥሙን ራሷ ናት የገጠመችው። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ያሉት የቤቱ ባለቤት ርግቦች ብቻ መሆናቸውን ካየች በኋላ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ጋሻው ተሰበረ ጦሩ ተጣጠፈ፣
አንበሳው ወንድሜ እዚህ ላይ አረፈ።»

ጥሩ ወጣላት። ሁለተኛ ስትለው ደረቷን ደቃች፤ ሦስተኛው ላይ ዕንባዋም መጣ። ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል የፕላስቲክ ሳፋ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ልብስ ልትሰበስብ የወጣችው ጎረቤቷ ፈለቀች ነበረች። ፈለቀች ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ «ዋሲሁኔ! ወይኔ ዋሲሁኔ!» እያለች መጥታ እግሯ ሥር ተዘረጋች።

እጅጋየሁ በሳቅ ፈረሰች።

«ጉድ እኮ ነው! አንቺማ ከእኔ ትበልጫለሽ! በይ ለሙኽሪጉ እነግርልሻለሁ፣ አክስትየዋን ትሆኛለሽ!» እያለች አጨበጨበችላት።

ፈለቀች ግን አልሰማቻትም። «ማነው የነገረሽ? ማነው ልቡ ጨክኖ ብቻሽን ያረዳሽ? ከፋሲካ በኋላ በሽማግሌ ትረዳ ተብሎ አልነበረም እንዴ! ለመስቀል አይሆንም፣ ለገና አይሆንም እያልን ይዘነው ቆይተን! ወይኔ እህቴን!»

ሳቁ ከእጅጋየሁ ፊት ላይ ለመውረድ ጊዜ ፈጀ። አፏ ገና ክፍት ነው፣ እጆቿም ለጭብጨባ እንደተነሡ ናቸው። ፈለቀች ቀና ብላ ያንን ፊት ስታይ የሠራችው ነገር ገባትና አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ምን ዋጋ አለው፤ ወጥቷል።

ጋሽ ዘገየ ጩኸቱን ሰምተው ደረጃውን እያለከለኩ ሲወጡ፣ እጅጋየሁ የውሃ ታንከሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች። «እንዴት ነው የሞተው?»

ተቀመጡ። ደምሴ የሚባል አብሮት የነበረ ልጅ በመስከረም ከድንበር መጥቶ እንደነገራቸው ተናገሩና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ጀግና ነበር ወንድምሽ። ሲሸሹ የጫናቸው መኪና በጥይት ተመትቶ በእሳት ተያያዘ። ሁሉም ዘሎ ሲወርድ እሱ ግን ሕፃናቱን ላውጣ ብሎ ተመለሰ። አወጣቸው። ለራሱ ሲደርስ… ምንም ሳይሠቃይ፣ ስምሽን ጠርቶ…»

«ጋሽ ዘገየ።»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይሄ ፊልም ነው» አለች እጅጋየሁ።

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«ለማያውቋቸው ሙታን ሞሃንዲሲን ድረስ ሄደው ተጣሉላቸው። የእኔ ሟች ላይ ነው የሚዋሹት?»

የጋሽ ዘገየ ዕንባ በሽበታቸው መሐል ወረደ፤ አልጠረጉትም። ከዚያ እንደነበረው ነገሯት። ማንም አልተኮሰበትም። መኪናውም አልተቃጠለም፤ ነዳጅ ጨርሶ ቆመና ሾፌሩ ጥሏቸው ሄደ። ወደ ድንበሩ በእግራቸው ጀመሩ። ዋሲሁን ከመነሻው ተቅማጥ ይዞት ነበር። መንገድ ዳር ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ድንበሩ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ግን አልተነሣም። ደምሴና ጓደኞቹ አሸዋውን በእጃቸው ጭረው ቀበሩት።

«ስሜን ጠርቷል?»

«አልጠራም እጅጌ። ደምሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ውሃ ብቻ ነው ያለው።»

«ሰጡት?»

«አልነበራቸውም።»

እጅጋየሁ አንገቷን ነቀነቀች። ቀስ ብላ ተነሥታ የፈለቀችን ልብስ ከመሬት ለቅማ ሳፋው ውስጥ ከተተች። ሁለተኛው ሸሚዝ ላይ ስትደርስ እዚያው ተንበረከከች።

በነጋታው ለቅሶ ተቀመጠች። ከአባሲያም ከሌላውም ሰፈር ሐበሻው ሁሉ መጣ፤ ግብፃዊው የቤቱ ባለቤት ወንበር አውሶ፣ ራሱም ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ማዳም፣ የሙኽሪጉ ሚስት፣ ደውላ አልቅሳ አጽናናቻት። ቀጥላም፣ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ሙኽሪጉ አደራ ብሏል፤ ሐዘንሽ ሲወጣልሽ ብትመጪ ይጠብቅሻል። አሁን ደግሞ የእውነት ይሆናል ነው የሚለው» አለቻት። እጅጋየሁ አልተናደደችም። ሌላ ሰው ፈልጉ ብላ ስልኩን ዘጋች። ያ ፊልም ከእንግዲህ ለማን እንዲታይላት ነው?

ሴቶቹ ክብ ሠርተው ግጥም አውጪዋን ይጠብቃሉ። ፈለቀች በወጉ መሠረት ስለ ደም ግባቱ፣ ስለ ወንድነቱ፣ በአገሩ ስለመፈራቱ ማንሣት ስትጀምር እጅጋየሁ እጇን አንሥታ አስቆመቻት። ዋሲሁንን ማንም ፈርቶት አያውቅም። እሱ ራሱ ውሻ ይፈራ ነበር። ሰው ሲጣላ ሮጦ ከጀርባዋ የሚደበቅ፣ ሻዩን በስኳር የሚያጠግብ፣ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ግን አንድ መስመር የማያዛንፍ ልጅ ነበር። የእሷ ልጅ ነበር። ተነሥታ ቆመች፤ ደረቷን ሳትመታ፣ ጮክም ሳትል አወጣችው።

«ጦር አልወጋውም ጥይት አልመታው፣
መንገድ ዳር ወድቆ ውሃ ነው ያጣው።»

ተቀባዮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት አሮጊት፣ «እንዲህ ተብሎ አይለቀስም» አሉ በሹክሹክታ። እጅጋየሁ ደገመችው። ከወንዶቹ ወገን ጋሽ ዘገየ በኮታቸው ፊታቸውን ሸፍነው እንደ ልጅ ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። ያኔ ፈለቀች ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም።

ሴቶቹ ግጥሙን እንድትቀጥለው ጠበቋት። እሷ ግን ያንኑ ሁለት ስንኝ ብቻ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ መላልሳ አለቀሰችው። ስለ ወንድሟ አሟሟት የምታውቀው እውነት ያ ብቻ ነበር፤ የሚጨመርበት አልነበራትም።