ምንጩ ዳር የወደቁት ዝንጀሮዎች

ሣህሊቱ ሦስተኛውን ዝንጀሮ ገልበጥ ስታደርገው አፉ ላይ የደረቀ አረፋ አየች። መርዝ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከመሰላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከዚህ ገደል ሥር ለጥናቷ የዝንጀሮ ዓይነ ምድር እየለቀመች ጭሮ ወዳለው ቤተ ሙከራ ትወስዳለች። በማይክሮስኮፕ የምትፈልገው ሰውና ዝንጀሮ የሚጋሩትን የአንጀት ትል እንቁላል ነው። መንገድ የሚያሳዩዋት አቶ በድሪ፣ ማሽላቸውን ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ያረጁ ገበሬ፣ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኛ ነን ልጄ፤ መንደሩ በሙሉ። የልጅ ልጄን ያከሳት ትል ዝንጀሮውም ውስጥ አለ አላልሽንም? በቆሎ ቀቅለን መርዝ ነሰነስንበት።»

«ከእናንተም ወደ እሱ ሊሄድ ይችላል ብያለሁ እኮ!»

«ወላሂ፣ ያንን የሰማ የለም። ዝንጀሮ ስትዪ ብቻ ነው የሰማነው።»

 ሣህሊቱ ስለ ትሉ በነገረቻቸው ቀን መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቃት ስለነበር በጥድፊያ በአማርኛ ተናግራ ሄዳለች። በኦሮምኛ የሚያስረዳላት ሰው እንኳ አልፈለገችም።

አማካሪዋ ዶክተር ጌዲዮን በስልክ ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። «ሳይበሰብሱ አንጀታቸውን ክፈቺ። ትሉን ራሱን ታገኛለሽ። እንዲህ ያለ ዕድል ዳግመኛ አይገኝም።»

ስልኩን ዘግታ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ናቸው። ውሃ ፍለጋ እየተንፏቀቁ መጥተው ምንጩ ዳር ቀርተዋል። አንዷ እናት ግልገሏን እንዳቀፈች ጭቃው ላይ ተዘርራለች። በተራራው ላይ ዝናብ ያዘለ ደመና ወርዷል። ከታች ደግሞ ጄሪካን የያዙ ሴቶች ድምፅ እየቀረበ ነው። አንጀት መክፈት ቀኑን ይፈጃል፤ ዝናቡ ግን ሳይጠብቅ መርዙን ወደ ምንጩ ያጥበዋል።

አንጀት ልትከፍት ያወጣችውን ምላጭ ወደ ናሙና ሣጥኗ መለሰች።

«አባባ፣ ሴቶቹን ይመልሱልኝ። እኔ የምለውን አንድም ሳያስቀሩ በኦሮምኛ ይንገሯቸው።»

«ምን ልበል?»

«ውሃው ውስጥ መርዝ ሊገባ ስለሚችል እንዳይቀዱ። ትሉ ከማን ወደ ማን እንደሄደ እስካሁን አላውቅም። አጥርቼ ሳልነግራችሁ በመሄዴ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላለች ይበሉ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «እንደዚያ ካልኩ ከእንግዲህ የሚያምንሽ የለም።»

«ይበሉ።»

እሳቸው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሣህሊቱ ዝንጀሮዎቹን ልትቀብር ከምንጩ ራቅ ብላ የሽማግሌውን አካፋ መሬት ውስጥ ሰካች።