የክንዱ የአውሮፕላን ጎማ

በግሽ አባይ ሰፈር በረባሶ ከሚሠሩት ሁሉ ክንዱን የሚያህል አልነበረም። ይህን የሚለው ራሱ ክንዱ ነው፤ ደጋግሞ ስላለው ግን ሰፈሩ ማስተባበል ሰልችቶት ትቶታል። ሰው የጣለውን ጎማ ክንዱ ያነሣል። እሱ እጅ የገባ ጎማ ውጭው ጫማ፣ ውስጡ መጫኛ፣ ቁርጥራጩ የበር ማጠፊያ ሆኖ ይወጣል። የሚባክነው አየሩ ብቻ ነው፤ እሱም መያዣ ቢጠፋ ነው።

የሚቀመጠው በአንድ ትልቅ ጎማ ላይ ነበር። ዙፋኔ ይለዋል።

“የአውሮፕላን ነው። ጎርጎራ መንገድ ላይ ከሰማይ ሲወርድ በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁ። መሬቱን ሰርጉዶት ውኃ ፈለቀ!”

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደሞዝ አንድ ቀን ቆም ብሎ፣ “አውሮፕላን የመንግሥት ንብረት መሆኑን ታውቃለህ?” ቢለው፣ ክንዱ ዓይኑን ሳያሽ፣ “ኧረ ጓድ፣ የትራክተር ነው” አለ። ጓድ ደሞዝ ከመንገዱ እስኪታጠፍ ድረስም የትራክተር ሆኖ ቆየ። እርግጡን ለመናገር፣ ጎማውን የሰጠው አንድ ሽማግሌ ነው፤ የምን እንደሆነ አልነገረውም፤ ክንዱም አልጠየቀም። መጠየቅ ወሬ ያበላሻል።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሳሊህ መጣ። ሳሊህ የጣና ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪ ነው፤ እሱ በዓመት የሚናገረውን ክንዱ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይጨርሰዋል። መረቡን ጉማሬ በጣጥሶበታል። በዚያ ጊዜ የመረብ ክር ከገበያ ጠፍቷል፤ አስጋሪው ሁሉ ያረጀ ጎማ ሆድ ቀዶ፣ ውስጡ የተነባበረውን ክር እየመዘዘ፣ ጭኑ ላይ እያከረረ ነበር መረብ የሚሠራ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ከተማው ከሥጋ ወደ ዓሣ ይዞራል። የሳሊህ ቤት የዓመቱን እህል የሚሸምተው ያን ጊዜ ነው፤ ያ ካመለጠ እህል የለም።

“ክር” አለ ሳሊህ።

“ክር ነው ያልኸኝ? ጣናን ዞሮ፣ ዘጌ ላይ ታስሮ የሚተርፍ ክር እሰጥሃለሁ! ቅዳሜ ና።”

“የትኛዋ ቅዳሜ?” አለች አጠገቡ ሻይ የምትሸጠው ፀሐይወርቅ። “ያቺ ለኔ የበር ማጠፊያ የቀጠርህባት ናት?”

“እሷማ ገና መች ደረሰች፣ እቴ!”

ቅዳሜ ክንዱ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የተጣለ የከባድ መኪና ጎማ አገኘ። በከተማው መካከል እያንከባለለ፣ ላገኘው ሁሉ ስለ ጎማው እያብራራ አመጣው። ሳሊህ ተቀምጦ ይጠብቃል። ክንዱ ቢላዋውን ውኃ አስነክቶ ወጋ አደረገው። ቢላዋው እንቢ አለ። ደገመው። ከተቀደደው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

ሽቦ ነው።

የክር ጎማንና የሽቦ ጎማን በዓይን መለየት የበረባሶ ሠሪ ፊደል ነው። ክንዱ ግን መንገዱን ሙሉ ሲያወራ፣ የሚያንከባልለውን ልብ ብሎ አላየውም።

“ዓሣውን በሽቦ ያዘውና፣ እዚያው ጠብሰህ አውጣው!” አለች ፀሐይወርቅ። ሰፈርተኛው ሳቀ።

ሳሊህ አልሳቀም። ልብሱን አራግፎ፣ “አላህ ያውቃል” ብሎ መንገድ ጀመረ።

ክንዱ መሳቂያ መሆን ይችልበታል። የማይስቅ ሰው ጀርባ ማየት ግን አለመደም።

“ና ተመለስ! ወዴት ነው?” አለና ከዙፋኑ ተነሣ። ገለበጠው። ክሩ የወጣበት ጎማ አጥንት እንደሌለው ሥጋ ነው፤ ለጫማም አይሆን፣ ለመቀመጫም አይሆን። ቢላዋውን ይዞ ትንሽ ቆመ።

“እንግዲህ ዛሬ ይለያል” አለች ፀሐይወርቅ፣ የሻይ በራዷን ሳይቀር ትታ እየቀረበች። “ትራክተር ወይስ አውሮፕላን?”

ክንዱ ቢላዋውን ሰክቶ ቀደደው። ውስጡ ድርብርብ ክር ነበር፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ። ሳሊህ አንዱን መዞ በጥርሱ ሞከረው። ከዚያ በሁለት እጁ ጠምጥሞ ሳበው። ክሩ መዳፉን ሰነጠቀው እንጂ አልተበጠሰም።

“የመኪና አይደለም” አለ።

ክሩን ደግሞ ሳበው።

“የትራክተርም አይደለም። የአውሮፕላን ነው።”

ሳሊህ በዕድሜው አውሮፕላንን ቀና ብሎ እንጂ ቀርቦ አላየም። ሆኖም ሲዋሽ የሰማው ስለሌለ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከሁሉ ይልቅ የደነገጠው ክንዱ ነው።

መረቡ ለሁዳዴ ደረሰ። ክንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሥራት ጀመረ።

“ዙፋንህስ?” ይለዋል አላፊ አግዳሚው።

“ሐይቅ ገብቷል። ከተጠራጠርህ ጠልቀህ እየው!”

አንድ ጠዋት በሩ ላይ ትልቅ ቀረሶ ዓሣ ተንጠልጥሎ አገኘ፤ የታሰረው በዚያው በነጩ ክር ነው። ዓሣውን በላ፤ ክሩን ጠቅልሎ አስቀመጠ። በማግሥቱ ለመጣ ጫማ ገዢ፣ “ማሰሪያው በአውሮፕላን ክር የተሰፋ ነው” አለው። ሰውዬው ሲስቅበት ክንዱ አልተከራከረም። ፀሐይወርቅን ብቻ ዘወር ብሎ አያት።

“እውነቱን ነው” አለች እሷ፣ ሻይ እየቀዳች። “ሳሊህ ተናግሯል።”